የትርፌ ትከሻ

በዊራጋ የካቶሊክ ቁምስና ሰው ሲሞት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ወንዶች ይይዙታል፤ የኋላውን ግን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ከሌላ አገር ለቀብር የመጣ እንግዳ፣ ነጠላቸውን ያሸረጡ እናቶች ሬሳ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ሲያይ ይደነግጥና ሊያግዛቸው እጁን ይዘረጋል፤ አጠገቡ የቆመው የአገሬው ሰውም ክንዱን ያዝ አድርጎ «ተው፣ የትርፌ ትከሻ ነው» ይለዋል።

ትርፌ ማን እንደነበረች ሲናገሩ ሽማግሌዎቹ በብዙ ነገር አይስማሙም። በዘመኗ የገባውን ወረርሽኝ አንዱ ፈንጣጣ ነው ሲል ሌላው የኅዳር በሽታ ነው ይላል፤ እሷንም አንዱ ረጅምና አጥንተ ሰፊ ያደርጋታል፣ ሌላው ነፋስ የሚጥላት ቀጫጫ ነበረች ይላል። በአንድ ነገር ግን ሁሉም አንድ ቃል ናቸው፦ ስሟ ለካቶሊኮቹ ልማድ መጠሪያ የሆነው ይህች ሴት፣ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ አልረገጠችም።

እንደሚነገረው ትርፌ የበርጋ ሚስት ነበረች። በርጋ ደግሞ በዊራጋ ጀፎረ ላይ፣ ማለት በሁለቱ የቤት ረድፎች መካከል በተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ፣ ሽማግሎች ለዳኝነት ሲቀመጡ የመጨረሻው ቃል ከአፉ የሚጠበቅ ሰው ነበር። በዚያ ወራት አባ ወልደሩፋኤል የሚባሉ የካቶሊክ ካህን በበቅሎ መጥተው በወንዙ ማዶ ማስተማር ጀመሩና፣ ጥቂት ቤተሰቦች ተጠመቁ። የተጠመቁት ሰዎች የአባቶቻቸውን የመሥዋዕት በሬ ለመግዛት አናዋጣም ሲሉ፣ በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ አገሩም ሁለቱን ነገር አገናኘ። ሽማግሎቹ ተሰበሰቡ፤ በርጋም ተነሥቶ፣ «አባቶቻችን በሄዱበት መንገድ የማይሄድ፣ አባቶቻችን በሄዱበት ቃሬዛ አይሂድ! እሳት የጫረለት፣ ሬሳውን ያነሣለት፣ ያለቀሰለትም ቢሆን ከእሱ ጋር ይቆጠር!» ሲል ተናገረ፤ ያም ቃል የአገር ሕግ ሆነ። ትርፌ ከአጥሩ ጀርባ እንሰቷን እየፋቀች ይህን ሰምታለች። ያን ቀን የባሏ ድምፅ ከሁሉ በላይ ሲያስተጋባ ሰምታ ደስ ብሏት ነበር ይባላል፤ እሷም በኋላ ዘመኗ ይህን ከማንም አልደበቀችም።

ሁለቱ ከወለዷቸው ልጆች በሕይወት የቀረች አጀቡሽ ብቻ ነበረች። በወንዙ ማዶ ደነቀ ለሚባል ገበሬ ተድራ ሳለ፣ ከባሏ ጋር ተጠመቀችና ሞኒካ ተባለች። ወሬው በርጋ ዘንድ ሲደርስ አልተቆጣም፣ አልረገመም፤ ቃሉንም አላነሣም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የልጁን ስም ማንሣት ተወ። ትርፌም ሕጉን ፈርታ ወደ ልጇ ቤት መሄድ ቀረች። ሁለቱ የሚተያዩት ውኃ ሲቀዱ ነበር፤ እናት ከወዲህ፣ ልጅ ከወዲያ ሆነው ይቆማሉ፣ አይነጋገሩም። ትርፌ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ዞር ስትል አጀቡሽ ተሻግራ ታነሣዋለች።

በሽታው የገባው አባ ወልደሩፋኤል ሩቅ ወዳለ ሌላ ሕዝብ ሄደው ሳሉ ነው። ከተጠማቂዎቹ መጀመሪያ የሞተው ሙርጋ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሚስቱ ጀፎረው ላይ መጥታ በርጋ እግር ላይ ወደቀች፤ «ወንዶቹ ታመውብናል፣ ሁለት ጎበዝ ብቻ ስጠኝ» አለችው። በርጋም «ቃል ለአንዱ ከተፈታ ቃል አይባልም» ብሎ እግሩን ከእጇ አስለቀቀ። ሙርጋን ደነቀና አንድ ሌላ ሰው እንደ ምንም ቀበሩት። ብዙ ሳይቆይ ደነቀም ሞተ፤ እሱን ደግሞ ከአልጋቸው የተነሡ ሕሙማን እየተንገዳገዱ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ በማዶው መንደር ቃሬዛ ሊይዝ የሚችል ወንድ አልቀረም።

አጀቡሽ መተኛቷን ትርፌ የሰማች ዕለት ሕግም ባልም አላሰበችም፤ ወንዙን ተሻገረች። ልጇን ያገኘቻት ከንፈሯ ደርቆ፣ መቁጠሪያዋን በጣቶቿ ጠቅልላ ነው።

«አዶቴ» አለቻት፤ እናቴ ማለቷ ነው። «መጣሽ እንዴ? አባቴስ?»

«ይመጣል» ስትል ትርፌ ዋሸች።

«አይመጣም። ግድ የለም። ብቻ ያለ ጸሎት እንዳትቀብሪኝ።»

«እኔ የእናንተን ጸሎት የት አውቄ፣ ልጄ?»

«አስተምርሻለሁ፤ በይ ተከተይኝ። አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር...»

ትርፌ ተከተለቻት። አጀቡሽ ቀጣዩን ልትል አፏን ስትከፍት ሳሉ ያዛት፤ ውኃ ሰጥታ ስታስተኛት፣ እንደገና ስትጀምርላት፣ አሁንም ከዚያው ላይ ትንፋሿ ይቋረጥ ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ትርፌ አልሰማችም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ልጅቱ ሞተች።

ትርፌ እቤቷ ስትደርስ በርጋ ከደጃፉ ተቀምጦ ነበር። «ልጅህ ሞተች» አለችው። እሱም በትሩን አንሥቶ ወደ ጀፎረው ወጣና ወንዶቹን ጠራ። በርጋ ጠርቶ የሚቀር የለምና መጡ፤ በሽታውን ስለፈሩም ተራርቀው ቆሙ።

«አጀቡሽ ሞታለች» አላቸው። «የሚቀብራት ሰው ስጡኝ።»

ጎረቤቱ ዳርጌ ተናገረ። ዳርጌ ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ፤ አጀቡሽንም በሕፃንነቷ በጫንቃው ተሸክሞ ገበያ ወስዷታል።

«በርጋ፣ ወንድሜ፣ ልጅህ ልጃችን ናት» አለ። «ግን የሙርጋ ሚስት እግርህ ላይ ወድቃ ስትለምንህ እኛም እዚሁ ቆመን ነበር። ያን ጊዜ ያልተፈታ ቃል ዛሬ በምን ይፈታል? የአንተ ልጅ ስለሆነች? እንግዲያ ለሙርጋ ሚስት ምን ብለን እንመልስላት?»

ጀፎረው የበርጋን ቃል ጠብቆ ያጣበት ቀን ያ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ትርፌ ከአጥሩ ሥር ሆና ትጠብቅ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ይራመዳል ብላ አስባ ነበር። ያየችው ግን ወደየደጃቸው የሚመለሱ ጀርባዎችን ነው።

በማግስቱ ጧት ባልና ሚስት ወንዙን ተሻገሩ። በርጋ ሁለት የቀርከሃ አግዳሚ ቆርጦ፣ በቃጫ ገመድ ጎነጎነና ቃሬዛ ሠራ፤ ትርፌ ልጇን አጥባ በሰሌን ጠቀለለቻት። ሬሳው ከቃሬዛው ላይ ከታሰረ በኋላ በርጋ ከፊት ሆኖ ሁለቱን ጫፍ ያዘ።

«አንቺ ተከተይኝ» አላት። «ኋላው መሬት ይነካል፤ እየጎተትኩ እወስዳታለሁ።»

«ልጄ እንደ ግንድ አትጎተትም» አለችው ትርፌ፤ ነጠላዋንም አሸረጠች።

«ሴት ሬሳ ተሸክማ ታውቃለች?»

«ዘጠኝ ወር ስሸከማት ማን ከለከለኝ? በል አንሣ!»

አነሣ። እሷም አነሣች።

የደነቀ መቃብር ያለው ከወንዙ ወዲህ፣ ከዊራጋ በላይ፣ ድንጋይ ስለበዛበት ማንም በማያርሰው ጉብታ ላይ ስለነበር፣ ወደዚያ ለመድረስ ወንዙን መልሶ መሻገርና ጀፎረውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ግድ ሆነ። ሁለቱም ዕድሜያቸው ገፍቶ ስለነበር ጥቂት እንደሄዱ ይደክማቸዋል፤ ሲደክማቸው ያኖሯታል፤ ባኖሯት ቁጥር ደግሞ የአንዱ ወይም የሌላው ሰው ደጃፍ ይሆናል። በየደጃፉ ትንፋሻቸውን እስኪያገኙ ይቆማሉ፣ የሚወጣ የለም። ከአጥር ውስጥ ሴቶች ማፈን ያቃታቸው ልቅሶ ይሰማ ነበር። ዳርጌ ደጅ ላይ ሲያርፉ ሚስቱ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እሱም «ዝም በይ» ሲላት ትርፌ ሰምታለች። አልተጣራችም፣ አልለመነችም። ትከሻዋን የቀርከሃው አንጓ ልጦት ደሙ በቀሚሷ ወረደ፤ በርጋ ግን ከፊት ስለነበር ይህን አላየም።

መሬቱ ደረቅ ነበር። በርጋ ቆፈረ፣ ትርፌ አፈሩን በእጇ አወጣች፤ ጉድጓዱ የሚገባውን ያህል ሳይጠልቅ ጉልበታቸው አለቀ። ልጅቱን ካወረዷት በኋላ ትርፌ ቆማ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር» አለች። ከዚያ ወዲያ አታውቅምና መልሳ ያንኑ አለች። አፈሩ እስኪመለስ፣ ድንጋዩ እስኪደረደር፣ ያንኑ ደጋገመች። በርጋ ከሥራው ቀና ብሎ «ሌላ የለውም?» ብሎ ጠየቃት።

«አለው» አለችው። «አላደረሰችኝም።»

በርጋ ያን ጊዜ በአፈሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ ይባላል። እሷ አላባበለችውም።

ከዝናቡ በኋላ አባ ወልደሩፋኤል ራሳቸው ከበሽታ ተርፈው፣ በምርኩዝ እየሄዱ ተመለሱ። ሁሉን ከሰሙ በኋላ ወደ ትርፌ ቤት ሄዱ። እሷም እስኪቀመጡ እንኳ ሳትጠብቅ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ጸሎቱ አጭር ነበር። ልጄን ጎድቷት ይሆን?»

«ረጅሙን የማውቀው እኔ እዚህ አልነበርኩም» አሏት ካህኑ። «አጭሩን ይዘው የቆሙት እርስዎ ነዎት። የጎደለ ካለ ከእኔ ይጠየቃል።»

ከዚያ በኋላ የተረፉት ተጠማቂዎች ቤተ ክርስቲያናቸውን በዚያው ጉብታ ላይ፣ ከመቃብሮቹ አጠገብ ሠሩ። አባ ወልደሩፋኤል ባልና ሚስቱ እንዲጠመቁ ደጋግመው ለመኗቸው። በርጋ «በሩን የዘጋሁባት እኔ፤ በየትኛው ፊቴ ልግባበት?» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። በጀፎረውም ላይ ዳግመኛ ለዳኝነት አልተቀመጠም። ትርፌን ሲጠይቋት ደግሞ «እኔ ከገባሁ እሱ ብቻውን ይቀራል» አለች። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ትርፌ ባሏን ይቅር አላለችውም ነበርና። ከዚያ ጧት ወዲህ አብራው በአንድ ገበታ አልበላችም ይባላል። ይቅር አላለችውም፣ ብቻውንም አልተወችውም። እሑድ እሑድ ቅዳሴው ሲጀመር መጥታ ከልጇ መቃብር አጠገብ ትቀመጣለች፤ ዝናብ ቢዘንብም አትነሣም፤ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷም ትሄዳለች። በርጋ ሞቶ የአገሩ ሰው በክብር ከአባቶቹ መቃብር ካኖረው በኋላ፣ ምእመናኑ «አሁንስ ግቢ» ቢሏት «ለምጄዋለሁ» ብላ እዚያው ተቀመጠች።

ያን የበርጋን ቃል ማንም ተነሥቶ የሻረው የለም። መጀመሪያ አንዱ እሳት ጫረ፣ ሌላው ለለቅሶ ተደብቆ ገባ፣ ልጆች ተጋቡ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቃሉ ሳይነገርለት ሞተ።

ትርፌ የሞተችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በጣም አርጅታ ነው። ከልጇ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ ነበርና፣ ሳትጠመቅ እንዴት ይሆናል ብሎ የጠየቀ እንደነበር ይነገራል፤ አባ ወልደሩፋኤል ግን ያን ጊዜ ዓይናቸው ጠፍቶ በሰው እጅ እየተመሩ ሳሉ፣ «ቦታውን የቆፈረችው እሷ ናት» ብለው ክርክሩን ዘጉት። ሬሳዋ ጀፎረውን ሲያቋርጥ በየደጃፉ ሰው ወጣ፤ የተጠመቀውም ያልተጠመቀውም ተከተለ። ዳርጌም፣ ጀርባው ጎብጦ፣ ከደጁ ወጥቶ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ያዘ፤ መሸከም አልቻለም፣ ይዞት ብቻ ይራመድ ነበር። ከቅጽሩ በር ሲደርሱ የሙርጋ ሚስት ከሴቶቹ መካከል ወጣች፤ ያችው፣ በርጋ እግር ላይ የወደቀችው።

«ወንዶች፣ ከኋላ ልቀቁ» አለች።

«እማማ፣ ዳገት ነው» አሏት።

«ዳገቱን እናውቀዋለን። የፊቱን ያዙ፣ ኋላው የእኛ ነው።»

ሌሎቹም ሴቶች ነጠላቸውን አሸርጠው ተከተሏት፤ ትርፌንም እስከ ጉድጓዱ አፍ ወሰዷት።

ልማዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይባላል። ዛሬ በጉብታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ታንጿል፣ እስከ ቅጽሩ በር መኪና ይገባል፣ ሬሳውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመኪና ነው። ከበሩ ሲወርድ ግን ወንዶቹ የፊቱን ይዘው ይቆማሉ፣ ኋላውን አይነኩም፤ ይጠብቃሉ። ከሴቶቹ መካከል ልጅ የቀበረች እናት ትቀድማለች፤ ይህም የተጻፈ ሥርዓት የለውም፣ ስም ጠርቶ «ነይ» የሚላትም የለም። ራሷ ታውቃለች፤ ነጠላዋን አሸርጣ ትመጣለች። ኋላውን የሚያነሣ ጠፍቶ ቃሬዛ ቆሞ የዋለበት ቀን፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ እስከ ዛሬ የለም።