ከሁሉም የወፈረው

ተረት ተረት ልበላችሁና፣ በረቱ ውስጥ ጠብ ተነስቶ ነበር።

"እኔ ካንተ እወፍራለሁ!" አለ ቀዩ በግ።

"ከሁላችሁም የወፈርኩት እኔ ነኝ፤ ላቴን እዩት!" አለ ዳለቻው።

ከሲታዋ በግ፣ "ኧረ ዝም በሉ፣ ሰው መጣ" አለች።

"አንቺ አጥንት፣ ማን ጠየቀሽ?" ብለው ሳቁባት።

በሩ ተከፈተ። አንድ እጅ ገብቶ የሦስቱንም ወገብ ዳበሰ፤ ላታቸውንም ጨበጥ እያደረገ መዘነ።

"ቀዩ ይበልጠኛል! እውነቴን ነው፣ ቀዩ ይበልጠኛል!" እያለ ዳለቻው ጮኸ። እጁ ግን ቀንዱን ይዞ ጎትቶ አወጣው።

በማግስቱ የዳለቻው ቆዳ አጥር ላይ ተሰጥቶ ታየ።

ቀዩ ፉርሽካውን እየበላ ሳለ ከሲታዋ ጠጋ አለችና፣ "ወንድሜ፣ አሁንማ ከሁሉም የወፈርከው አንተ ነህ" አለችው።

ቀዩ ማኘኩን አቆመ። ከገንዳውም ርቆ ሄደ።