ስድስተኛው እንስራ

በአንድ ወቅት፣ ውሃ በቧንቧ ሳይሆን በእንስራ በሚመጣበት ዘመን፣ አንዱ ደጋ አንዱ ቆላ የሆኑ ሁለት ጎረቤታም መንደሮች ነበሩ። የደገኞቹ ጥርስ ነጭ ነው፤ ግን በልጅነታቸው ይበላና ይረግፋል። የቆለኞቹ ጥርስ ቡናማ ነው፤ ሲሸመግሉም ጀርባቸው ይጎብጣል። ደገኛ ቆለኛን ባየ ቁጥር ይሳለቃል። አወይ ሰው! ድዱን እያሳየ በሰው ጥርስ ይስቃል።

ደገኞቹ አንድ ወግ ነበራቸው። ለመንደሩ አዲስ ውሃ ያመጣ ሰው በምረቃው ቀን የመጀመሪያውን ዋንጫ ይጠጣል፤ ውሃውም እስከ ልጅ ልጅ በስሙ ይጠራል። ዋንጫው አንድ ነው፣ ስሙም አንድ።

እዚያ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። እናታቸው በጥርስ ሞተችባቸው። አዎ፣ በጥርስ! ሦስት ቀን ጉንጯ አበጠ፣ በአራተኛው ቀበሯት።

ታላቋ ማንጠግቦሽ ጥርስ ነቃይ ሆነች። ሃያ ዓመት ገበያ ተቀምጣ ስትነቅል ኖራ አንድ ቀን ነገሩን ብታስበው፣ ከነቀለችላቸው ሁሉ አንድም ቆለኛ የለም።

“አፍረው ነው የማይመጡት” አሏት ገበያተኞቹ።

እሷ ግን ቆላ ወርዳ የሽማግሌዎቹን አፍ አስከፈተች። ቡናማ ነው፤ ግን አንድም የተቦረቦረ ጥርስ የለም! ሰው ሁሉ ሲስቅበት የኖረውን እሷ አየችው። “እህሉን ከአንድ ገበያ ነው የምንሸምተው፤ ነገሩ ያለው ውሃቸው ውስጥ ነው” አለች።

መካከለኛው ደምመላሽ “ማርም ሲበዛ ይመራል፤ ጥርስ የሚያድነው ውሃ ሲበዛ ነው ጀርባ የሚያጎብጠው፤ ልኩ ይገኝ” ብሎ ተነሳ። ሰባት ዓመት ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ የሰው አፍ ሲያይ፣ የሰው ጀርባ ሲያይ ከረመ። በመጨረሻ ቆለኞቹ የሚጠጡት ፍል ውሃ ከደጋ ወንዝ ጋር የሚቀላቀልበት ቦታ ደረሰ። የዚያ ሰዎች ጥርሳቸው ነጭም ጤነኛም ነው፤ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው። ቢሰፍረው፣ አምስት እንስራ የወንዝ፣ ስድስተኛው የፍል ውሃ ሆነ። ዛሬ የተማሩት ፍሎራይድ የሚሉትን ነገር ስሙን ሳያውቅ ልኩን አወቀ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

መንደሩ ግን “ልታጎብጡን ነው!” ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያኔ ታናሹ ይርዳው ጡት ልትጥል የተቃረበች ልጁን ውባለምን ይዞ ወጣ።

“የእኔ ጥርስ በቅሎ አብቅቷል። ገና የሚበቅለው ይመስክር” አለ።

“ልጄን መሞከሪያ አደረግሃት!” ብላ ሚስቱ አለቀሰች።

“የሰው ልጅ ከማስጠጣቴ በፊት የእኔዋ ትጠጣ።”

ውባለም በልኩ የተቀላቀለውን ውሃ አሥራ ሁለት ዓመት ጠጣች። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሽማግሌዎች አፏን አስከፍተው ይቆጥራሉ፣ አቁመው ጀርባዋን ያያሉ። አባቷ በእነዚያ ቀናት እህል አይቀምስም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት እኩዮቿ ጉንጫቸውን ይዘው ሲያለቅሱ፣ የእሷ አንድም ጥርስ አልተነካም፤ ጀርባዋም ቀጥ እንዳለ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ አገሩ በእልልታ ቀለጠ፤ በመንደሩም ገንዳ ሁለቱ ውሃ በልኩ ተቀላቀለ።

በምረቃው ቀን ዋንጫውን ለሚገባው እንድትሰጥ የታዘዘችው ውባለም ነበረች።

“እኔ ባላይ ማን ያውቅ ነበር?” አለች ማንጠግቦሽ።

“ልኩን ባላገኝ መርዝ ነበር” አለ ደምመላሽ።

“ልጄን ባልሰጥ ማን ይጠጣው ነበር?” አለ ይርዳው።

ይህን ጊዜ እማማ ጉፍቴ የሚባሉ ጎባጣ የቆላ አሮጊት በምርኩዝ ወደ ፊት መጡ።

“ልጆቼ፣ ያያችሁት የእኛን ጥርስ ነው። ልኩንም ያገኛችሁት በእኛ ጀርባ ነው። እናንተ አውቃችሁ ጠጣችሁ፤ እኛን ማን ጠየቀን?”

ውባለም ሙሉውን ዋንጫ ይዛ አራቱን በየተራ አየች። እሷንም ማንም ጠይቋት አያውቅም።

እኔ ሦስት ጊዜ ፈርጄ ሦስት ጊዜ ሽሬዋለሁ። እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ ያ ዋንጫ የሚገባው ለማን ነው?