ድንበር ላይ ይቁም የተባለው መስመር

የዩኒቨርሲቲያችን ኢንተርኔት፣ ውሸት አልወድም፣ የታመመ ስንዴ ፎቶ ውጭ አገር ላሉ ተመራማሪዎች እስኪያደርስ ስንዴው ሞቶ ተዝካሩ ይወጣ ነበር። እስከ ውጭ አገር ፈጣን መስመር እንዲዘረጋ በጀት ቢጠየቅ፣ ቦርጫቸው ከመኪናቸው ቀድሞ የሚደርስ አንድ ባለሥልጣን ወደ ስብሰባችን መጡ።

«የመንግሥት ገንዘብ ድንበር አይሻገርም! መስመሩ ድንበራችን ላይ ይቁም፤ የፈለገን የውጭ ምሁር እዚያ ድረስ ይምጣ። የሚቃወም አለ?» ሲሉ ፕሮፌሰሮቹ ሁሉ ጫማ ጫማቸውን ማየት ያዙ።

ስንዴዋን ዋግ መትቶባት መላ ፍለጋ የመጣች አንዲት ባልቴት ግን ከኋላ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ልጅ ድረዋል?»

«እንዴታ! ወንድ ልጄን ድሬያለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ሽማግሌዎቹን፣ ‹ከአጥራችን እንዳታልፉ፤ የፈለገን የልጅቱ አባት እዚህ ድረስ ይምጣ› ብለው ነው የላኳቸው?»

ባለሥልጣኑ እስክሪብቶ ጠየቁ፤ በጀቱ ላይ ፈረሙ።