የመቶ ሃያው ብርድ ልብስ ዋጋ

በአንድ ወቅት፣ ነሐሴ ሊወጣ ሲል ተራራው በተናደበት ዓመት፣ አቦ ወንዝ በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ይመኑ ከሞቱ ገና አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው። ባልና ሚስቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ የልብስ ሱቅ ይዘው ኖረዋል። ሱቁ ከፊት ነው፣ መኖሪያቸው ከኋላ፤ የሚለያያቸው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ በሱቁ ውስጥ የሚነገር ሁሉ ጓዳ ድረስ ይሰማል።

አቶ ይመኑ ዋጋ ሲያወጡ መንገዳቸው አንድ ነበር። በመግዣው ላይ የመግዣውን አንድ አምስተኛ ይጨምራሉ። ሦስት መቶ ብር የገዙትን ሦስት መቶ ስልሳ ይላሉ፤ ገዢው አጥብቆ ከተከራከረ ሃያ ብር አስተያየት ያደርጉለታል። ከዚያ ወዲያ ወንድማቸውም ቢመጣ አይቀንሱም። «ይህች የቀረችው አርባ ብር የሱቁ ኪራይ ናት፣ ግብር ናት፣ የልጆቼ ጉሮሮ ናት» ይሉ ነበር። ዋጋቸውን ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ሳይጠይቅ ቆጥሮ የሚመጣም ነበር።

ሦስት ልጆች አሏቸው። ታላቁ ታደገ ከጅምላ ነጋዴዎች ዕቃ እየገዛ የሚያመጣ ነው፤ መንገዱንም የመኪና ኪራዩንም አሳምሮ ያውቃል። መካከለኛዋ ብርቄ ባንኮኒው ጋ ቆማ የምትሸጥ ናት። ታናሹ ስማቸው በገበያ ቀን ልብስ በትከሻው ተሸክሞ እየዞረ ስለሚሸጥ በከተማው የማያውቀው ሰው የለም።

ተራራው የተናደው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ሳያባራ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ገደሉ አጓራ፤ ታች ሰፈርን እንዳለ ይዞ ወረደ። ብዙው ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ወጥቶ ስለነበር ነፍሱ ተረፈች፤ ቤትና ንብረት ግን አልተረፈም። ድልድዩም አብሮ ሄደ። ከመቶ የሚበልጥ ቤተሰብ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተኛ፤ ብርዱም በዚያው ሳምንት ጠና።

አቶ ይመኑ ከመሞታቸው በፊት ለጥቅምት ብርድ ብለው ያስመጡት መቶ ሃያ ብርድ ልብስ ከነማዳበሪያው ሱቅ ውስጥ ነበር። አንዱ የተገዛው በሦስት መቶ ብር ነው። በከተማው ሌላ ብርድ ልብስ የሚሸጥ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ አንጓች ፍራሻቸው ላይ ሆነው ልጆቻቸው ሲጨቃጨቁ ሰሙ።

«በስድስት መቶ ነው የምንሸጠው» አለ ታደገ። «ለአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ። በዱቤ የለም። ገንዘቡ ቶሎ ከተሰበሰበ በቆላው በኩል ዞሬ ሌላ አመጣለሁ። በቅሎ ያለ ገንዘብ አይነቃነቅም።»

«በእጥፍ?» አለች ብርቄ። «ሰው ቤቱ በተቀበረ ማግስት? ወንድም ጋሼ፣ በመጣበት በሦስት መቶ ነው መሸጥ ያለብን። አንድም ሳንቲም አንጨምርም።»

«ሁለታችሁም ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው የምትሉት» አለ ስማቸው። «ያለው በስድስት መቶ ይግዛ። የሌለው ሁለት መቶ ይክፈል። ያለውንና የሌለውን እኔ አውቀዋለሁ።»

ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ ሦስቱም ጓዳ ገቡ። «እማዬ፣ አንቺ ፍረጂልን» አለች ብርቄ።

ወይዘሮ አንጓች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስለ ዋጋ ማሰብ ቀርቶ ማን ምን እንዳለ መለየት አቅቷቸው ነበር። «አባታችሁን ጠይቁት» አሉ። ያሉት ሳያስቡት ነው። እሳቸውም የተናገሩትን ሲሰሙት እንባቸው መጣ፤ «እንግዲያው ተካፈሉት» አሉ። «ሁላችሁም እንዳላችሁት ሽጡ። እኔን ተዉኝ።»

አርባ አርባ ተካፈሉ።

ብርቄ የሱቁን በር ከፍታ በሦስት መቶ መሸጥ ጀመረች። ወሬው በአፍታ ተዳረሰና ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ። እኩለ ቀን ሳይሆን አርባው አለቀ። ሃያ ዘጠኙን የወሰዱት የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሽያጩ በተጀመረባት በዚያች በመጀመሪያዋ ሌሊት ልጆቻቸውን አሙቀው ካሳደሩት አብዛኞቹ እነሱ ነበሩ። አሥራ አንዱን ግን አንድ ሆቴል ያለው ሰው ሠራተኞቹን በሰልፉ መሐል እየሰገሰገ ገዝቶ ኖሮ፣ በማግስቱ እያንዳንዱን በሰባት መቶ ሸጠው። ብርቄ ይህን ስትሰማ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ዋጋውን ብቻ ነው ያየሁት፣ ሰልፉን አላየሁም» አለች።

ታደገ የራሱን አርባ መጋዘኑ በር ላይ በስድስት መቶ ሸጠ። የሰደበው ብዙ ነው፤ አንድ ሽማግሌ እግሩ ሥር ተፉበት። እሱ ግን ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ቢመጣ ለሁለተኛው አይሸጥም፤ ለሆቴሉ ሰው ሠራተኞችም እንቢ አለ። ሦስት ቀን ፈጅቶ ሃያ አራት ሺህ ብር ሰበሰበ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሦስት በቅሎና በአራት ሰው ወደ ቆላው ወረደ። በወንዝ ሙላት ላይ አንዷን በቅሎ ሊያጣት ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ስልሳ ብርድ ልብስ ይዞ ተመለሰ። መግዣው አሥራ ስምንት ሺህ፣ የበቅሎና የሰው ስድስት ሺህ፤ አንዱ በአራት መቶ ብር ወደቀ ማለት ነው። በአራት መቶ ሸጠው፣ አላተረፈበትም። በእነዚያ ስልሳ ብርድ ልብሶች ስልሳ ቤተሰብ መስከረምን ከረመ። የመንግሥት እርዳታ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ስማቸው ብርድ ልብሶቹን ትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ተሸክሞ ሄደ። እያንዳንዱን ሰው እያየ ዋጋ ቆረጠ። ለአሥር ሰው በስድስት መቶ፣ ለሠላሳ ሰው በሁለት መቶ ሸጠ፤ ሲደመር ልክ የአርባው መግዣ አሥራ ሁለት ሺህ ሆነ። ዓይናቸው የማያይ አንዲት አሮጊት፣ አራት ወላጅ አልባ የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አንድ ሰውዬ፣ ሌላም ሌላም፣ በብርቄ ሰልፍ መቆም የማይችሉ፣ የታደገን ዋጋ የማይደፍሩ ሰዎች፣ ከእሱ አገኙ።

ጥጊቱ የምትባለዋ ሴት ወደ ሦስቱም መጥታለች።

ጥጊቱ የታች ሰፈር አራስ ናት። ባሏ ለሰሊጥ አረም ቆላ ወርዷል፤ መንገዱ ስለተቆረጠ መናዱንም አልሰማም። ገደሉ ሲያጓራ እጇ የገባውን የሠርጓን ነጠላ፣ ሰፊ ጥለት ያለውን፣ ለብሳ ሴት ልጇን አቅፋ ወጣች። በነጠላው ጫፍ የተቋጠረ ሦስት መቶ አርባ ብር ነበራት። ሌላ የላትም።

ረቡዕ ብርቄ ጋ ስትደርስ አልቋል፤ ብትለምናትም ብርቄ አብራት ከማልቀስ በቀር የምትሰጣት አልነበራትም። ሕፃኗን ስታጠባ ነው የዘገየችው። ሐሙስ ታደገ ጋ ሄደች፣ ያላትን አሳየችው። «በዱቤ ቀሪውን ባሌ ሲመጣ...» አለች። «እህቴ፣ ለአንቺ በዱቤ ብሰጥ ለሁሉም መስጠት አለብኝ፤ ያኔ ቅዳሜ አልሄድም» አላት። ድምፁ ክፉ አልነበረም። ዓርብ ስማቸው ጋ ሄደች። በእጁ ላይ የቀሩት ሁለት ነበሩ። ስማቸው ጥለቱን አየ፤ ያላት ሰው መሰለችው። ከተራራው መናድ በፊት አይቷት አያውቅም፤ በከተማው የማያውቀው ሰው አንድ ቢኖር እሷ ነበረች።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ለአንቺ ስድስት መቶ።»

በዙሪያዋ ሰው ቆሟል። የለኝም ብትል ሁለት መቶ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ምናልባት እሷም ታውቅ ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ልጇ ላይ አጠፍ አድርጋ ሄደች። ስማቸው ከኋላዋ አልጠራትም።

ሕፃኗ ማክሰኞ ሞተች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሳንባዋን ነው አለች። የታደገ በቅሎዎች የገቡት ዓርብ ነው። ልጅቱ ክርስትና ልትነሳ አምስት ቀን ቀርቷት ነበር።

ወይዘሮ አንጓች ይህን የሰሙት ብርቄ ለስማቸው ስትነግረው ነው። ስማቸው ወደ ውጭ ወጣ። ታደገም ሲመለስ ሰማ። «አራት ቀን ብቻ ቀድሜ ብገባ ኖሮ» አለ።

የአባታቸው የአርባ ቀን ተዝካር ወጣ። የንግድ ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም መዛወር ነበረበት፤ ሱቁም ጠባብ ስለሆነ ለሦስት ቢከፈል ለማንም እንጀራ አይሆንም። ወይዘሮ አንጓች ሱቁን ለማን እንደሚሰጡ ለመወሰን ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

ታደገ ሃያ አራት ሺህ ብር አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። «የእኔ ድርሻ መግዣው አሥራ ሁለት ሺህ ነበር» አለ። «አሁን ሁለት እጥፍ ነው። ሱቁ ነገም የሚከፈተው በዚህ ነው። ስልሳ ቤት ያለበስኩትም በዚሁ ነው። ከባድ ዋጋ ጠየቅሁ፤ አልክድም።»

ብርቄ አሥራ ሁለት ሺህ አስቀመጠች። «ምንም አላተረፍኩም፣ ኪራዩንም አልቻልኩም» አለች። «ግን እማዬ፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያሞቅኩት እኔ ነኝ። የማንንም ፊት አላየሁም፣ የማንንም ኪስ አልጠየቅሁም።»

ስማቸውም አሥራ ሁለት ሺህ አስቀመጠ። «የተሳሳትኩት በአንድ ሰው ነው» አለ። «ሠላሳዎቹ ግን ከእኔ በቀር ከማንም አያገኙም ነበር።»

ወይዘሮ አንጓች የሱቁን ቁልፍ በጉያቸው ይዘው ወጡ። ጥጊቱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ የአምስተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ከጎኗ ተቀመጡ፤ አብረው አለቀሱ። ያንዲቱ ባል፣ ያንዲቱ ልጅ።

«ልጄ» አሏት ኋላ፣ «ከሦስቱ ማን ነው የበደለሽ? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ሱቁን ለእሱ አልሰጥም።»

ጥጊቱ ቂም ያለባት አትመስልም፤ የሆነውን ለማስታወስ የምትሞክር ነው የምትመስለው።

«ትልቁ እውነቱን ነገረኝ» አለች። «ሴቷ አብራኝ አለቀሰች። ትንሹ... ትንሹ ስሜን ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር።» ከዚያ ዞራ አየቻቸው። «እትዬ አንጓች፣ እኔ ሳይገባኝ የቀረ አንድ ነገር አለ። በብርቄ ባንኮኒ ፊት ቆሜ ስለምናት እርስዎ ከጓዳ ሲያስሉ ሰምቻለሁ። ያኔ እርስዎ ምን ለብሰው ነበር?»

ወይዘሮ አንጓች የራሳቸውንና የባለቤታቸውን፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ነበር የተኙት። ድምጿንም ሰምተው ነበር፤ ግን ከሳንቃው ማዶ የሚሰማው ዓለም በዚያን ጊዜ የእሳቸው አልነበረም። አቶ ይመኑ ቢኖሩ ኖሮ በሦስት መቶ ስልሳ ይሸጡ ነበር፣ ሃያውንም ይቀንሱላት ነበር፤ የቋጠረችው ይበቃት ነበር ብለው አሰቡ። ወዲያውም በዚያ ዋጋ በቅሎ ማን ያስነሳ ነበር? እነዚያ ሠላሳዎቹስ ከየት ያገኙ ነበር? ብለው ራሳቸውን ጠየቁ።

መሸት ሲል ቤታቸው ተመለሱ። ሦስቱ ልጆች ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ማንም ለቁልፉ እጁን አልዘረጋም።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች፣ ትክክል የሠራው በእጥፍ ሸጦ ብዙ ሰው ያለበሰው ነው? በመጣበት ሸጣ ቀድማ የደረሰችው ናት? ወይስ ለድሃ ቀንሶ ለአንዲት ሴት የጨመረው? ወይስ ቁልፉን የያዙት እናት ራሳቸው ለመፍረድ የማይበቁ ናቸው? በእናንተ ፍርድ ሱቁ ለማን ይገባዋል?