ያልታጠነው ጋን

በዘለላ አምባ አዲስ ምራት ጥፋት ብታጠፋ ነገሩ አርባ ቀን ሳይሞላው አይነሳባትም። ወጥ ብታሳርር፣ ጨው ብትደግም፣ ጥጃው አምልጧት ላሚቱን ጠብቶ ቢያደርቃት፣ አማት ሆዬ ምላሷን ነክሳ ቀኑን ትቆጥራለች። አርባው ሲሞላ ቁጣው በርዶ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ተረስቶ ስለሚገኝ፣ የሌላ አገር ምራቶች ይህን ሲሰሙ ቅናት ያንገበግባቸዋል። መነሻውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን ልማዱ የመጣው ከአማቶች ደግነት ሳይሆን ከወይን ጠጅ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን እዚያ አምባ ላይ አያ ደምሌ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እናታቸው ተክለው የተዉላቸው ቀይ ወይን ነበራቸው፤ ፍሬው ልጣጩ ከመሳሳቱ የተነሳ ጠበቅ አድርጎ የያዘው ሰው እጅ ላይ ስለሚፈርጥ፣ ፀሐይ ሲበዛበት ስለሚጠወልግ፣ ብርድ ሲነካው ስለሚረግፍ፣ ቤተሰቡ «አኩራፊት» የሚል ስም አወጣላት። ጤዛው ሳይረግፍ ተለቅማ፣ በዚያው ማለዳ ተጨምቃ ጋን ካልገባች ትኮመጥጣለች። ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ሲያባብላት ከርሞ ጠጁ ሲቀዳ ግን ጢስ ጢስ ይላል። እንግዶች አንድ ዋንጫ ተጎንጭተው «እሰይ፣ ይባርከው» ይሉና ወደ ጠላው ይዞራሉ። አያ ደምሌም «ጋኑ በደንብ ባይታጠን ነው» እያሉ በየዓመቱ የወይራውን ጢስ ያስጨምሩ ነበር። የጠላ ጋን በወይራ ያላጠነች ሴት ባለሙያ አትባልምና፣ ጥፋቱ ከጢሱ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

አንጓች የምትባል ልጅ ለልጃቸው ለይርዳው ተድራ በመጣችበት ዓመት ሽማግሌው ተስፋ ቆረጡ። «ማርያምን! ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ነቅዬ ጌሾ እተክልበታለሁ!» ብለው ማሉ። ሲምሉ ድምፃቸው መንቀጥቀጡን የሰማችው አንጓች ብቻ ነበረች፤ የሚነቅሉት የእናታቸውን እጅ ሥራ ነውና። እጇ ላይ አንድ ፍሬ ፈርጦ ስለማያውቅ፣ እሷም አኩራፊትን እንደ እህት ወድዳት ነበር።

የለቀማው ሰሞን አማቷ እመት የውብዳር ለቅሶ ሄደው ጋኑን የማሰናዳቱ ነገር በአንጓች ላይ ወደቀ። ዋዜማውን ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ በለቀማው ዕለት ጎህ ሲቀድ ለማጠኛ የሚሆነውን ወይራ ፈልጣ፣ «መጣሁ» ብላ ወደ ለቀማው ሮጠች። ከዚያማ ለቀማው ይዟት ቀረ። ወይኑ ተጨመቀ፣ ጭማቂው ጋን ገባ፣ አፉም በጭቃ ተመረገ። እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትዞር ግን ወይራው እንደተፈለጠ፣ እሳት ሳይነካው ቁጭ ብሏል። በእሷ መርሳት ወይኑ ሊነቀል፣ እሷም ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ነው። «ዝም አይነቅዝም» አለችና ወይራውን ከማገዶው ቀላቅላ አፏን ዘጋች። ዝምታው አልነቀዘም፤ የነቀዘችው እሷ ናት። አርባ ቀን ሙሉ እህል አልወርድ ሲላት፣ እመት የውብዳር ፀንሳ መስሏቸው በደስታ አጥሚት ያጠጧት ጀመር።

በአርባኛው ቀን ጎረቤት ተጠርቶ ጋኑ ተከፈተ። አያ ደምሌ ቀድተው አሸተቱ፣ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። እንግዶቹም ከወዲሁ የጠላውን ጋን ማየት ጀምረዋል።

«ልጄ፣ ስንት ጊዜ አጠንሽው?»

አንጓች እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባዬ፣ ይማሩኝ! ረስቼ ነው፤ አላጠንኩትም።»

«ወይ ጉዴ!» አሉ እመት የውብዳር አፋቸውን በነጠላ ይዘው።

«ጭራሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጭራሽ፣ አባዬ።»

«ሠላሳ ዓመት!» ብለው ጮኹ አያ ደምሌ። «ሠላሳ ዓመት አኩራፊትን በጢስ ያፈንኳት እኔ ነኛ! የእናቴ ወይን ጣዕሙ እንዲህ ነበር ለካ!» ሳቁም፣ አለቀሱም። አንጓችን አንስተው ግንባሯን ሳሟት። ያን ቀን ጠላውን የነካው ሰው አልነበረም ይባላል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እየተባለ ዋንጫው ሲዞር ሽማግሌው ቆመው፣ «ይህች ልጅ በዚያው ቀን ነግራን ቢሆን፣ ጋኑን ገልብጠን፣ እሷንም አባረን እናርፈው ነበር። ከእንግዲህ በዚህ ቤት የምራት ጥፋት እንደ ወይኑ አርባ ቀን ይቀመጥ!» ብለው ደነገጉ፤ አምባውም ተከተላቸው።

ዛሬም በዘለላ አምባ የጠላው ጋን ይታጠናል፤ የወይኑ ግን ታጥቦ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ጢስ አያይም። አኩራፊትም አልተነቀለችም። ባለፈው ለቀማ ለእነ ደምሌ ዘር የተዳረች አንዲት ምራት ትልቁን የወይን ጋን ከነጭማቂው ሰበረችው አሉ። ጭማቂው ደጁን አቅልቶ ቁልቁል ሲወርድ አማቷ አንድ ጊዜ ቀሉ፣ አንድ ጊዜ ነጡ፣ ምላሳቸውን ነክሰው ቆዩና፣ «አርባ ቀን ይሙላ፤ ምን ይታወቃል?» አሉ ይባላል።