ለውድነሽ የተፈቀደው እንቁላል

ተረቴ ትንሽ ናት፤ አንድ እንቁላል ታክላለች።

በውድነሽ ሆድ ያለች ፅንስ አንድ ነገር አማራት። ብዙ አይደለም፤ በእንቁላል አስኳል ውስጥ የሚገኝ፣ ኮሊን የሚሉት፣ የአንጎል መሥሪያ ነው።

«ደም ሆይ፣ አንጎሌን ልሠራበት፤ ትንሽ ኮሊን!»

ደም፣ «ጉበት ካልሰጠኝ ከየት ላምጣ?» አለ። የእናትየው ጉበት፣ «ያለኝን አሟጥጬ ሰጠሁ። አፍ ካልላከልኝ ከየት ላምጣ?» አለ።

አፍማ ያው ውድነሽ ናት። ወደ አማቷ ሄደች።

«እማማ ተዋበች፣ ጤና ጣቢያ እንቁላል ብዪ ብለውኛል።»

«በሁዳዴ? ወይ ጉድ! የነፍስ አባትሽ ሳይፈቱሽ? እኔ ሁሉንም በሽሮ ወልጄ የለም እንዴ!»

ተዋበች ለአፍ አልሰጥ አለች፤ አፍ ለጉበት አልሰጥ አለ፤ ጉበት ለደም አልሰጥ አለ፤ ደም ለፅንስ አልሰጥ አለ። ዶሮዋማ በየጊዜው ትጥላለች። እንቁላሉ ለፋሲካ ይከማቻል።

ነገሩ ለነፍስ አባቷ ለአባ ሣህሉ ተነገራቸው፤ ደግ ናቸው። «ነፍሰ ጡር አይደለች? እፈታታለሁ። ብቻ ባሏ መጥቶ ይንገረኝ፤ ሥርዓት ነው።»

ባሏ ምትኩ ራሱን አከከ። «ለእንቁላል ብዬ ቄስ ደጅ ልቁም? ጎረቤታችን አያ ይርጋ ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

ምትኩ ይርጋን ፈራ፤ አባ ሣህሉ ምትኩን ጠበቁ፤ ተዋበች አባን ጠበቀች፤ አፍ ተዋበችን ጠበቀ፤ ጉበት አፍን ጠበቀ፤ ደም ጉበትን ጠበቀ፤ ፅንስ ደምን ጠበቀች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማንም አላጠፋም፤ ሁሉም ተራውን ጠበቀ። ተራ የማያውቅ ሆድ ብቻ ነው፤ ገፋ።

አንድ ቀን ምትኩ በጨዋታ መሀል ጣል አደረጋት። «አያ ይርጋ፣ ነፍሰ ጡር በጾም እንቁላል ብትበላ ምን ትላለህ?»

«ምን እላለሁ? የኔዋ ስትበላ አልነበር እንዴ! ያንተዋ እስካሁን አልበላችም?»

ምትኩ ሮጠ፤ አባ ፈቱ፤ ተዋበች ሰጠች፤ አፍ በላ፤ ጉበት ተቀበለ፤ ደም ተሸክሞ ሮጠ። ሲደርስ ቤቱ ባዶ ነው። ምጥ ቀድሞት ልጅቱ ተወልዳለች።

አሁን አድጋለች፤ ትላካለች። ዛሬም እናቷ ዶሮዋ ወደምትጥልበት ጥግ ላከቻት። ሄደች፤ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ምን አምጪ ነበር ያልሽኝ?»

«እንቁላል፣ ልጄ።»

«ለማን?»

«ላንቺ።»

«እሺ» አለች። ሄደች፤ ደጃፉ ላይ ቆመች።