ግሪሳ ዋት አይጠይቅም

አንድ ሰው ነበረ። ቆላ ውስጥ የሚኖር ማሽላ አራሽ ነበረ።

ንድፉን አጥፈህ ኪስህ ክተትና ስማኝ እንጂ፣ ይርዳው! «መምህር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሠራው አምፕሊፋየር የትኛው ይሁን?» ብለህ ስትጠይቀኝ ይህ አራተኛህ ነው። ሦስት ጊዜ «ትንሹን» ብዬ መልሼልሃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እሺ» ብለህ ሄድክና ከፊተኛው የሚበልጥ ንድፍ ይዘህ መጣህ። የዛሬው ደግሞ ሦስት መቶ ዋት! ኤዲያ! «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳልልህ ተረቱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ አንድ ቀን ግን አልሠራህበትም። ምክሩ ካልገባህ እስቲ በምሳሌ ልሞክርህ።

ያ ሰው ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ነበረበትና ሐኪም አወጣለት። ሲያሰናብተውም «ዓመት ሙሉ በለሆሳስ ብቻ ተናገር። ከጮህክ ድምፅህ ይሄዳል፤ ከሄደም አይመለስም» አለው። ለከተማ ሰው ይህ ቀላል ነው። ለማሽላ አራሽ ግን መከራ ነው። ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ የሚባለው ወፍ ሰማዩን ሞልቶ ይመጣል። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ በየማሳው ማማ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ማታ ይጮሃል። ወንጭፍም ጅራፍም አለ፤ መንጋውን የሚያስነሳው ግን ጩኸት ነው። ከሁሉ የሚከፋው፣ ከሚጮኸው ማሳ የተነሳው ወፍ ዝም ባለው ማሳ ላይ ያርፋል። የዝምተኛ ማሳ በሦስት ቀን አገዳ ብቻ ይቀራል። ሰውየውና ሚስቱ ደግሞ ሌላ መሬት አልነበራቸውም፤ የዓመት ቀለባቸው ያችው ማሽላ ናት። ማሳው ረጅም ስለሆነ ሚስቱ አንዱን ጫፍ ብትጠብቅ ሌላው ጫፍ የእሱ ነው።

ሬዲዮና የእጅ ባትሪ መጠጋገን ትንሽ ትንሽ ይሞክር ነበርና አንድ ሐሳብ መጣለት። በለሆሳስ የሚናገረውን የሚያጎላ አምፕሊፋየር ሠርቶ ማማው ላይ ሊሰቅል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ሐሳብማ ሁልጊዜ ግሩም ነው!

ወደ ከተማ ወጥቶ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አማከረ። ጠጋኙም የትንሽ አምፕሊፋየር ንድፍ ሰጠው። «አንድ አይሲ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ ዙሪያዋን ዐሥር የማይሞሉ ጥቃቅን ዕቃዎች፣ በቃ። በሞተር ሳይክል ባትሪ ትሠራለች። የጡሩንባ ስፒከር ግጠምላት፤ የማሳህን ጫፍ ትሸፍናለች። ብትበላሽም የት እንደተበላሸች ወዲያው ታገኘዋለህ» አለው።

ሰውየው ንድፉን አገላበጠና «ይቺማ የጀማሪ ናት» አለ።

«አንተስ ምንድን ነህ?» አለው ጠጋኙ።

ተናደደ። ጀማሪ መባል ስድብ መሰለው። ከአንድ መጽሐፍ ላይ የሰርግ ቤት ሞንታርቦ የሚያስጮህ የትልቅ አምፕሊፋየር ንድፍ አገኘና «ከሠራሁ አይቀር ይህን!» አለ። ከሠራሁ አይቀር! ይህችን ቃል ስንቱ ሲላት ሰምቻለሁ፤ ከእነሱ ውስጥ ሠርቶ የጨረሰ ግን አንድም አላየሁ።

ትልቁ በባትሪ አይሠራም። ማማው ላይ ደግሞ መብራት የለም። «ስጨርስ መብራት ካለው ከወፍጮ ቤቱ ገመድ እስባለሁ» አለና ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ጀመረ። ማሽላው ሲያብብ እሱ የትራንስፎርመር ሽቦ ያስጠመጥም ነበር። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ እሱ ለትራንዚስተሩ ጥንድ ፍለጋ ከተማ ለከተማ ይዞር ነበር። አንድ ቀን ሁሉንም አገናኝቶ፣ ደረጃ በደረጃ ሳይሞክር፣ ስፒከሩንም ገጥሞ ከፈተው። «ጧ!» አለና ጨሰ። ስፒከሩም አብሮ ተቃጠለ። ስህተቱ የት ነው? ትራንስፎርመሩ ላይ ይሁን፣ ብየዳው ላይ ይሁን፣ ከዚያ ሁሉ ዕቃ በየትኛው ላይ ይሁን፣ በምን ይወቀው? የተቃጠለውን ለውጦ ሞከረ። ደግሞ ተቃጠለ።

ሚስቱ «ያችን ትንሿን ሠርተህ ስቀላት፤ ትልቁን ከአጨዳ በኋላ ትጨርሰዋለህ» አለችው።

«እንዲህ ያለች መጫወቻ ማማዬ ላይ ብሰቅል ሰው ምን ይለኛል?» አላት።

«ግሪሳ ዋት አይጠይቅም» አለችው። እኔ ዐርባ ዓመት ሳስተምር ይህን የሚያህል ትምህርት አልሰጠሁም። እሱ ግን አልሰማትም።

ለሦስተኛ ጊዜ እየበየደ ሳለ ግሪሳው መጣ። አገሩ ሁሉ ጮኸ። ወፉም ከየማሳው ተነስቶ ዝም ባለው ጫፍ ላይ ሰፈረ፤ አገዳው ከወፉ ብዛት የተነሳ ጎበጠ። ሚስቱ ወደ እሱ ጫፍ ስትሮጥ የለቀቀችውን ይወርባታል። ሰውየው መበየጃውን ጥሎ ሮጦ ማማው ላይ ወጣ። ወንጭፉን ወነጨፈ፤ ጅራፉን አጮኸ። ወፉ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ያርፋል። የዓመት ቀለቡ ዓይኑ እያየ ሲበላ ዝም ብሎ ማየት አልቻለምና ጮኸ።

ሦስት ቀን ጮኸ። የማሽላውን እኩሌታ አተረፈ። በአራተኛው ቀን ሚስቱን ሊጠራ አፉን ቢከፍት ምንም አልወጣም። ሐኪሙ እንዳለውም ድምፁ አልተመለሰም።

በተከታዩ ዓመት፣ የቀረች ድምፅ ካለችኝ ታጎላልኝ ይሆናል ብሎ ትንሿን ሠራት። በአንድ ሳምንት ጨረሳት! ስፒከሯን ማማው ላይ ሰቀለ፣ ባትሪውን አገናኘ፣ ማይኩን አፉ ላይ አደረገ። ጎረቤቶቹ ከየማማቸው ሆነው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሊሉት ተዘጋጅተው ነበር። አምፕሊፋየሯ እንከን አልነበራትም። ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማች፤ የተሰማው ግን ትንፋሹ ብቻ ነበር። የአንድ ሰው ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ሰሙና ሊስቁ የነበሩት ሁሉ ፊታቸውን ወደየማሳቸው መለሱ። ወፉንስ ኋላ ማይኩ አጠገብ ቆርቆሮ እየመታ አባረረው። ሚስቱን ግን በስሟ ሊጠራ አልቻለም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ይርዳው። አምፕሊፋየር ልሥራ ያልከው ለምን ነበር? አንተው ነህ የነገርከኝ። የአባትህ ጆሮ እየደከመ ነው። እናትህ ከማረፋቸው በፊት በእህትህ ሰርግ ላይ የዘፈኑበት ካሴት አለ፤ የቴፑ ድምፅ ስለሚያንሳቸው አባትህ ሊሰሙት አልቻሉም። የመጀመሪያውን ንድፍ ይዘህ ወደ እኔ በመጣህ ጊዜ አባትህ ከበር ሆነህ ስትጠራቸው «አቤት» ይሉህ ነበር። ባለፈው እሑድ ቤታችሁ መጥቼ ጆሯቸው ሥር ስትጮህ አየሁህ። ስለ ምሳ ጠየቅሃቸው፤ እሳቸው ስለ ዝናብ መለሱልህ። እኔ ነኝ እንግዲህ የተናደድኩት፤ አንተ ገና ንድፍ ታማርጣለህ!

የዚያ ሰው ጉሮሮ ማለት የአባትህ ጆሮ ነው። ወፍጮ ቤት ጥግ የተቀመጠውም አንተ ነህ። አምፕሊፋየር ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ ሦስት መቶ ዋትም ይሁን ሦስት ሺህ። ጀማሪ ነህ፤ ነውር የለበትም። የእኔም የመጀመሪያዬ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የተሠራች ነበረች፤ ያፈርኩባት ቀን የለም። አይሲዋ መሳቢያው ውስጥ አለችልህ። ወንበሩን ሳብና እዚሁ፣ አሁን ጀምር። ሦስት ዋት ናት። ለአንድ ሽማግሌና ለአንዲት ዘፈን ሦስት ዋት ይበቃል። ዘንድሮ ይበቃል። ለከርሞ ግን እኔም አላውቅልህም።